ስለ ሥራ ክብርና ስለ ሠራተኛው ዋጋ

ሥራ ክቡር እንደ ሆነ የማይናገር የለም፤ ሠራተኛው ግን በሁለት መንገድ ሲዋረድ እናያለን። አንደኛው ስድብ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያሉ መናቅ በአገራችን የቈየ ክፉ ልማድ ነበረና፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ስለዚህ ብዙ ተነግሯልና አንደግመውም።

ሁለተኛው ውርደት በምስጋና ተሸፍኖ የሚመጣው ነው፤ ይህም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እንኳ አይጠፋም። ግንበኛው ዋጋውን ሲጠይቅ፣ «የእግዚአብሔር ቤት ነውና ለበረከት ሥራው» ይባላል።

የህንድ ሊቃውንት ባጋቫድ ጊታ በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሰው የሥራውን ፍሬ ሳይመኝ ተግባሩን ይፈጽም ዘንድ ያስተምራሉ። ማኅተመ ጋንዲም ይህን መጽሐፍ እጅግ ይወድ፣ በገዛ እጁም ጥጥ ይፈትል ነበር። ትምህርቱ ከፍ ያለ ነው፤ ከመነኰሳቶቻችንም ልማድ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ማን ለማን እንደሚናገረው መመርመር ይገባል። ሠራተኛው ለራሱ ቢናገረው ተጋድሎ ነው፤ አሠሪው ለሠራተኛው ቢናገረው ግን ደመወዝ መከልከል ነው።

ምስክራችን በላስታ አለ። የቅዱስ ላሊበላ ገድል እንደሚነግረን፣ ንጉሡ ዛሬ 11 ሆነው የምናያቸውን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሊፈለፍል በተነሣ ጊዜ ጠራቢዎችን ሰበሰበ፤ እያንዳንዱም የሚሻውን ዋጋ በገዛ አፉ ይናገር ዘንድ አዘዘ። ይኸውም ያለ ፈቃዳችን ሠራን ብለው እንዳያጕረመርሙ ነው። የተናገሩትንም ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው ሰጣቸው። ቦታውን እንኳ፣ ንጉሥ ነውና ቢወስደው ከልካይ ሳይኖርበት፣ በወርቅ ገዛው። ለጠረባው የሚሆነውንም የብረት መሣሪያ ሁሉ አሠራ፤ ያ ብረት በቀጥቃጭ እጅ እንዳለፈ ልብ ይሏል።

ሥራውም ተራ ሥራ አልነበረም። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ሕንጻው ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ አንድ አለት ነው፤ ጠራቢው አንዲት ምት ቢስት በሌላ ድንጋይ የሚተካት አልነበረም።

መላእክት ረድተዋልና የሰው ድካም ጥቂት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ገድሉ የሚለው ግን መላእክቱ ቀን ከሠራተኞቹ ጋር፣ ሌሊትም ብቻቸውን እንደ ሠሩ ነው። ንጉሡ ስለ ሌሊቱ ርዳታ ብሎ የቀኑን ደመወዝ ቀነሰ የሚል ቃል የለበትም።