ሲሮጡ የታጠቁት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ አከራዬ፣ በራፌ ላይ ቆመው። ደብረ ማርቆስ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። መርፌና ክር ይዤ ከሦስት ሜትር አቡጀዲ ጋር እታገላለሁ። የክፍሌ መስኮት መንገድ ዳር ስለሆነ፣ አምፖል ሲበራ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ አላፊ አግዳሚው ያየኛል።

«ለጊዜው ነው እማማ፤ ደመወዝ ሲወጣ ደህናውን አሰፋለሁ።»

«ለጊዜውም ቢሆን ረጋ በል ልጄ» አሉና ጨርቁን በሁለት ጣት ዳሰሱት። «የባሕር ዳር ነው?» በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራውን ፋብሪካ ማለታቸው ነው። እሳቸው አቡጀዲ ሁሉ ከዚያ የሚመጣ ይመስላቸዋል።

ተረቱ ስለ ወገብ መታጠቅ ነው። ድሮ ወንዱ ድግ፣ ሴቷ መቀነት ሲታጠቁ ቆም ብለው፣ ዙር በዙር እየሳቡና እያጠበቁ ነበር። ጥሪ ሰምቶ እየሮጠ የጠመጠመው ሰው መሐል መንገድ ላይ የገዛ ድጉን ጫፍ ይረግጣል። ዛሬ ለችኩል ትዳርም ለችኩል ውልም ይጠቀሳል፤ ለእኔ ደግሞ ለመጋረጃ ተጠቀሰልኝ። እማማ ባደጉበት ሣር ቤት መስኮት የሚባል ነገር አልነበረም። መጋረጃ እሳቸው የሚያውቁት መኝታን ከእንግዳ የሚለይ ወይም በቤተ ክርስቲያን መቅደሱን የሚጋርድ ነው፤ ለክብር የሚሰቀል ነገር በጥድፊያ ሲሰፋ ማየት ከበዳቸው መሰለኝ።

እኔ ግን ጨርቁን ለሁለት ቆረጥኩ፣ ላዩን ሲባጎ እንዲያሳልፍ አጥፌ ሰፋሁ፣ ታቹንም አራት ጣት ያህል አጠፍኩ። ስፌቴ እያንዳንዱ የጣት አንጓ ያህል ይረዝማል። ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት።

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሌሊት ነፋሷን ማን ነግሮኝ! መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ተኝቼ ኖሮ፣ መጋረጃው እንደ ሸራ ተነፍቶ ሚስማሩን ከነጭቃው ነቅሎት ወረደ። ጠዋት የግድግዳውን ቀዳዳ ሳየው በጣት የሚፈረፈር ጭድና አፈር ነው። ጭቃ ቤት ላይ ሚስማር ወይ ማገር ወይ መቃን ማግኘት አለበት፤ እኔ የመታሁት በሁለት እንጨት መካከል ነበር። እማማ እንደ ተረቱ ሆነልኝ ብለው ሳቁ። አልፈረድኩባቸውም።

ሚስማሩን ወደ መስኮቱ መቃን አዛወርኩት። ከወር በኋላ መጋረጃው ታጠበ፣ አጠረም። አቡጀዲ ሳይነከር ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ይህንንም በጥድፊያ ዘልዬው ኖሯል። ከታች ሦስት ጣት የሚያህል ብርሃን ገባ። ያኔ ግን ያ የማይረባ ስፌት ውለታ ዋለልኝ። ቋጠሮውን በጥሼ ክሩን ሳብ ሳደርገው፣ እጥፋቱ ከዳር እስከ ዳር ትርትር ብሎ ተፈታ። በመኪና ተሰፍቶ ቢሆን በምላጭ ስለቅም አመሽ ነበር። ጠርዙን በቀጭኑ መልሼ ዘመዘምኩት፤ መስኮቱን ልክ ሸፈነው።

ተረቱ ለድግ ተግሣጽ ነው፤ ለጊዜያዊ መጋረጃ ግን ምርቃት ሆኖ አገኘሁት። ለጊዜው የተሠራ ነገር ሲፈለግ ካልተፈታ ምኑን ለጊዜው ሆነ? ሚስማሩን በተመለከተ ግን እማማ ልክ ናቸው፤ ክብደት የሚሸከመውን ነገር እየሮጥኩ መምታት አልነበረብኝም።

ደመወዙም ወጣ፣ አረንጓዴ ወፍራም ጨርቅም ገዛሁ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እማማ በመስኮቱ በኩል ባለፉ ቁጥር አቡጀዲውን ቀና ብለው ያዩና «ያ ጊዜው እስካሁን አላለቀም?» ይሉኛል።