«በሞቴ» የምትል ማሽን

አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው እናስብ። የቨርቹዋል ሪያሊቲውን መነጽር ሲያጠልቅ ራሱን አዲስ አበባ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ያገኘዋል። ቡና ይቆላል፤ መሶብ ቀርቧል። አንዲት እናት ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ!» ይሉታል። አፉን ከከፈተ ነጥብ ያገኛል፤ «አልፈልግም» ካለ ትምህርቱ እንደገና ይጀመራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኚህ እናት የሚለምኑት በማን ሞት ነው? «በሞቴ» ለማለት መጀመሪያ ሟች መሆን ያስፈልጋል። ቃሉ የሚከብደው ተናጋሪው ራሱን መያዣ አድርጎ ስለሚያቀርብ ነው፤ እምቢ ሲሉት ፊቱ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ከኮድ የተሠሩት እናት ፊታቸውን እንዲያጠቁሩ ማድረግ ቀላል ነው፤ ቅያሜ ግን የላቸውም።

መነጽሩን ማጣጣሌ አይደለም። ከይሉኝታ ዕረፍት ይሰጣል። ቋንቋ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰዋስዉ ሳይጠፋን ምላሳችንን የሚያስረው «ይስቁብኛል» የሚል ፍርሃት ነው። እዚያ ውስጥ አዛውንቱን «አንተ» ብሎ፣ ታርሞ፣ ደግሞ ተሳስቶ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ መለማመድ ይቻላል። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ይሉኝታ ግን እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ አስተማሪም ነው። ማይክል ባይራም የተባሉ እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ የባህል ለባህል ተግባቦት ችሎታን ሲተነትኑ፣ ከዕውቀትና ከክህሎት ጎን አመለካከትን አስቀምጠዋል፤ ይኸውም ሌላውን ለማወቅ መጓጓትና የራስን ልማድ ብቸኛ ልክ አድርጎ አለመቁጠር ነው። ዕውቀቱን መነጽሩ ያስጨብጥ ይሆናል። የራስን ልክ መጠራጠር የሚጀምረው ግን ፊት ለፊታችን ያለ ሰው በእኛ ሲቀየም ስናይ ይመስለኛል።

ፊልም ሠሪው ክሪስ ሚልክ እ.ኤ.አ. በ2015 በቴድ መድረክ ላይ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወደር የሌለው የርኅራኄ ማሽን ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ከምሳሌዎቹ አንዱ ዮርዳኖስ ውስጥ ዛታሪ መጠለያ ስለምትኖር ሲድራ ስለምትባል የ12 ዓመት ሶርያዊት ስደተኛ የተሠራ ፊልም ነው። ተመልካቹ አጠገቧ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። ሲድራ ግን አታየውም። እንግድነት እንዲህ አይደለም፤ እንግዳ ያያል፣ ይታያልም፤ ትዝብቱ ከሁለቱም ወገን ነው። (እንደ እኛ ባለ አገርማ እንግዳው ምን ያህል እንደበላ ሳይቀር ይቆጠርበታል።)

ሁለት ሰዎች መነጽር አጥልቀው ሲገናኙ ነገሩ ይለወጣል። ከወዲያ ያለው ሰው ሟች ነው፤ ሊቀየም ይችላል። እንጀራው ባይጎረስም «በሞቴ» ክብደቱን ያገኛል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ መነጽሩን ከገዛችሁት ሰው ከሰው አገናኙበት። ከኮድ ጋር ብቻ ላወራ ተማሪ ግን በባህል ተግባቦት ማርክ አትስጡት፤ ገና የሚቀየመው ሰው አላገኘም።