የደሙ ባለቤት ማን ነው?



በአንድ የዒደል አድሓ በዓል ዘመድ ልዘይር ወደ ከምባታዋ ዳምቦያ ወርጄ ነበር። ሥጋው ተበልቶ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ፣ አዋቂዎቹ መግሪብን ሰግደው ወደ ጨዋታ ሲገቡ ጎረምሶቹ ጥግ ይዘው ባንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ከመካከላቸው እንግሊዝኛ ይሻለዋል የሚባለው ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበበ ለሌሎቹ ይተረጉማል። «ምን እያያችሁ ነው?» ብላቸው አንዱ ቀና ሳይል፣ «የኮሪያ ፊልም ነው ጋሼ። ደሙን የሚመልስ ሰው ነው» አለኝ።

ይህን የሰሙት የአክስቴ ባል ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ በሽምግልና ብዙ የዋሉ ሰው ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «የማንን ደም ነው የሚመልሰው?» አሉ።

«የእጮኛውን፣ አባባ። ክፉ ሰው አርዶ ገደላት።»

«ኒካሕ አስሯል?»

«አላሰረም። ሊያገባት ነበር።»

«ልጅቱ አባት የላትም?»

«አላት። ጡረታ የወጣ የፖሊስ አለቃ ነው።»

«እንግዲያ ደሙ የአባትየው ነው እንጂ የሱ ምኑ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄው ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ከርሟል። ፊልሙንም ኋላ ፈልጌ ለብቻዬ አየሁት። ወላጆች ሆይ! ይህን ስጽፍ ፊልሙን ለቤታችሁ እያስተዋወቅሁ እንዳይመስላችሁ፤ ለልጅ ዓይን ቀርቶ ለአዋቂም የሚከብድ ነው። ኪም ጂ ዉን የተባለ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2010 የሠራው፣ ስሙ ሲተረጎም «ሰይጣንን አየሁ» የሚባል ፊልም ሲሆን፣ ጭካኔው ከመብዛቱ የተነሣ በዚያው በደቡብ ኮሪያ የፊልም ደረጃ መዳቢው አካል አንዳንድ ትዕይንቶች ካልተቆረጡለት በቀር በመደበኛ ሲኒማ ቤት እንዲታይ አልፈቀደም ነበር። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተላት አገር ዛሬ ፊልሟን ዳምቦያ ድረስ ትልካለች፤ ዱንያ እንዲህ ናት።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው ነው። የመንግሥት የደኅንነት ባልደረባ የሆነ ወጣት እጮኛው ሴቶችን እያደነ በሚገድል ሰው ትገደልበታለች። የደረሰባትን ሥቃይ አብዝቶ ለመመለስ ቃል ይገባል። ገዳዩን ፈልጎ ያገኘዋል። ግን አይገድለውም፤ ለፖሊስም አያስረክበውም። ቀጥቅጦ፣ አጥንቱን ሰብሮ፣ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ትንሽ መሣሪያ አስውጦ ይለቀዋል። እንደገና ይይዘዋል፤ እንደገና ይለቀዋል። ድመት ከአይጥ ጋር እንደምትጫወተው ማለት ነው። በዚህ መካከል ገዳዩ ሌሎች ሰዎችን ያጠቃል። በመጨረሻም መሣሪያውን ከሆዱ አስወጥቶ ወደ ሟቿ ቤት ይሄድና አባቷን ክፉኛ ቀጥቅጦ፣ እህቷን ደግሞ ይገድላታል። አንድ ደም ሊመልስ የተነሣው ሰው በገዛ እጁ ሌላ ደም ጨመረ።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ፤ ደሙ የማን ነው?

ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ 33ኛው አያ ላይ ስለዚሁ ይናገራል። በግፍ ለተገደለ ሰው ወሊዩ፣ ማለትም የቅርብ ባለመብቱ፣ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ታዟል። ልብ በሉ! እስልምና የተበደለውን ሰው «እርሳው፣ ተወው» ብሎ አያባርረውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ እንደማይረሳ ፈጣሪው ያውቃል። ሐቁን ሐቅ ብሎ ይቀበለዋል። ይሁንና ሐቁን ለማን እንደሰጠ፣ በማን ፊት እንደሚጠየቅና የት ላይ እንደሚቆም አብሮ ወስኖታል። ቂሷስ በዳኛ ፊት የሚጠየቅ ፍርድ እንጂ ሌሊት በጨለማ የሚፈጸም ሥራ አይደለም።

በአገራችን ብዙ ተከታይ ያለው የሻፊዒይ መዝሀብ እንደሚለው ደግሞ ይህ ሐቅ የወራሾች ሁሉ ነው። ወንዶቹ ብቻ አይደሉም፤ እናትም፣ ሚስትም፣ ሴት ልጅም አለችበት። ከነርሱ አንዷ «እኔ ዐፍው ብያለሁ» ካለች ጎራዴው ወደ ሰገባው ይመለሳል፤ ለቀሩት የሚቀራቸው ዲያ፣ ማለትም የደም ካሣ ነው። አስር ወንድማማች «ይገደል!» ብለው ቢፎክሩ የባልቴቷ አንዲት ቃል ታስቆማቸዋለች ማለት ነው። ይህን ለስንት ሰው ብነግር «እንዴት ይሆናል?» ይለኛል። የለመድነው ሌላ ስለሆነ ነው። በለመድነው ሥርዓት ፉከራው የወንዶች፣ ሽምግልናው የወንዶች፣ ልቅሶው የሴቶች ነው።

የኛም አገር ነገሥታት ይህን የባለደምነት ነገር ያውቁት ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንኳ በሰው ግድያ የተፈረደበት ሰው ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ሟች በተገደለበት ዓይነት ይገድሉታል፣ ወይም ካሣ ተቀብለው ይተውታል። በ1923፣ በ1949 እና በ1996 ዓ.ም. የወጡት የወንጀል ሕጎች ተራ በተራ ሲመጡ ይህ ሥልጣን ከባለደሙ ወደ መንግሥት ተሻገረ። ዛሬ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የሟች እናት በችሎት ውስጥ ቢበዛ ምስክር ናት። መንግሥት መፍረዱ መልካም ነው፤ ያለርሱ ስንት ዘር ባለቀ! ነገር ግን ገዳይ እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ ዋስትና ፍለጋ ወደ ሽማግሌ የሚሮጠው ለምንድን ነው? ፍርድ ቤት የዘጋውን መዝገብ የሟች ቤት ስላልዘጋው ነው። «ደሙ አልደረቀም» ይባላል። በገጠሩ የአማራ አካባቢ ደም የሚመልሰው ሰው አንዳንዴ ገዳዩን ትቶ ከገዳዩ ወገን የተማረውን ወይም የተከበረውን ይመርጣል፤ ይበልጥ እንዲያማቸው። ያ ሟች ምን አደረገ? ማንም አይጠይቅም።

የፊልሙም ማለቂያ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ወጣቱ ገዳዩን አስሮ አንገቱን በስለት ሥር ያደርግና ስለቱን ከበሩ ጋር ያያይዘዋል። በሩን የሚከፍቱት ማን ናቸው? የገዳዩ ሽማግሌ ወላጆችና ጥሎት የሄደው ልጁ። ሳያውቁ በሩን ሲከፍቱ ስለቱ ይወርዳል። ያ ልጅ የማንን ደም ነው የከፈለው? የኮሪያው አዘጋጅ ይህን በር ሲያስብ ወሰን ማለፍ ምን እንደሚመስል ከብዙ ሰባኪ በተሻለ አሳይቷል፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ከዚህ በላይ ማብራራት አልችልም።

በሆሳዕናና በሀላባ አካባቢ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በአማርኛ ሴራ ስንል ተንኮል ማለታችን ነው፤ በሀድይሳና በሀላብኛ ግን ሴራ ሕግ ነው፣ አባቶች ያቆዩት ልማዳዊ ሕግ። በኦሮሞ ጉማ ይባላል፤ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሠራው ፊልም ያወጣለት ስም ይኸው ነው፤ ዛሬ የአገራችን የፊልም ሽልማት የሚጠራበትም እርሱ ነው። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚገዛላቸው አበጋሮች አሉ። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ይቀራረባል። ገዳይ ከአካባቢው ይርቃል፤ ከሟች ቤተሰብ ጋር ባንድ ገበያ፣ ባንድ ውኃ አይገናኝም። ሽማግሎች ይመላለሳሉ። ገዳይ ጥፋቱን በአፉ ያምናል። ካሣው ይቆረጣል፤ ብዙ ጊዜም ወገኑ ተጋግዞ ይከፍለዋል። ከዚያ በኋላ ደም ማድረቂያው ይፈጸማል።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ነገር፣ በኔ አስተያየት፣ ካሣው አይደለም፤ ገዳይ በአፉ ማመኑ ነው። አንባቢ ሆይ፣ የፊልሙ ወጣት ያን ሁሉ ያሰቃየው ምን ሊያገኝ ነበር? ገዳዩ እንዲጸጸት፣ እርሱ የተሰማውን እንዲሰማው ነበር። አላገኘም። ገዳዩ በመጨረሻ ሥቃይም ፍርሃትም እንደማያውቅ ነግሮ አፌዘበት። ጸጸት በጉማሬ አለንጋ አይወጣም። በአደም ልጅ በቃቢል ታሪክ ውስጥ ወንድሙን የገደለውን ሰው ወደ ጸጸት ያደረሰው ጅራፍ አልነበረም፤ መሬት የምትጭር ቁራ ነበረች። የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚሸፍን ከወፍ ሲማር ያኔ አነሰ፤ ያኔ ተጸጸተ።

ግን ሽምግልናውንም ያለ ነቀፌታ አላልፈውም። ሐዘኑ ሳይበርድ ሽማግሎች በር ላይ ተደርድረው «ለአላህ ብላችሁ» ሲሉ፣ ጎረቤት «እምቢ አሉ እኮ» እያለ ሲያንሾካሹክ፣ ባልቴቷ ደግሞ ከጓዳ ሆና ጉዳዩ ማለቁን ስትሰማ፣ ይህ ዐፍው ነው ወይስ ሁለተኛ በደል? በአንድ እንዲህ ባለ ሽምግልና ላይ ከሰው ጋር ተቀምጬ አውቃለሁ። ሰንጋው ታርዶ ሁሉም እጁን ሲታጠብ የሟች እናት «እኔ እኮ ገና አልቅሼ አልጨረስኩም» አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስኩላትም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ይህ በመንደር ብቻ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ስንቱን ወጣት ሲበላ፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1999 ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2000 የሞት ቅጣት ተፈረደባቸው፤ የሃይማኖት አባቶች፣ የኛዎቹም ጭምር፣ ስለ ይቅርታ ከለመኑ በኋላ በ2003 ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ያ ሁሉ ሽማግሌ ገመድ ላይ ባለመንጠልጠሉ አልከፋኝም። ግን ያኔም የዳምቦያው ጥያቄ ነበረ። መንግሥት የራሱን ሐቅ ይተው፤ የልጅቱን ደም ግን ማን ተጠይቆ ተወው? የሟች ወላጅ ያላለውን «ዐፍው» ሌላ ሰው ሊልለት ይችላል ወይ?

በአስረኛው ዓመተ ሒጅራ በሐጀተል ወዳዕ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የጃሂሊያን ዘመን የደም ፍለጋ ሁሉ ሲሽሩ ከሌላ ሰው ደም አልጀመሩም። በመጀመሪያ የሻሩት የገዛ ቤተሰባቸውን፣ በሁዘይል ጎሣ የተገደለውን የረቢዓ ኢብኑል ሓሪስን ልጅ ደም ነው። የራሳቸውን ትተው ነው ሌላውን ተዉ ያሉት።

ስለ ዐፍው ሲነሣ ግን እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ የወሕሺይ ነገር ነው። በኡሑድ ቀን ሐምዛን (ረ.ዐ.) በጦር የገደለው እርሱ ነው። ሐምዛ የነቢዩ አጎት ብቻ አልነበሩም፤ የጡት ወንድማቸውም ነበሩ፤ ሬሳቸው ተቆራርጦ ነው የተገኘው። ዓመታት አልፈው መካ ከተከፈተች በኋላ ወሕሺይ ሰልሞ መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐምዛን የገደልከው አንተ ነህን ብለው ጠየቁት፤ አመነ። እስልምናውን ተቀበሉት። አንድም ሰው እጁን አላነሣበትም። ግን ፊትህን ከኔ ልታርቅ ትችላለህን ብለው ጠየቁት።

ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ ስንት ጊዜ አልፌው እንደነበር! ማረክ ማለት መውደድ፣ አብሮ ቡና መጠጣት፣ እንዳልተደረገ መሆን ይመስለን የለምን? እነሆ ከሰው ሁሉ በላጭ የሆኑት፣ ምሕረቱን ሙሉ አድርገው ሰጥተው ሳለ፣ ልባቸው ያዘነውን ሐዘን አልደበቁም። ያችን ከጓዳ የተናገረች እናት ይህን ሐዲስ የሚነግራት ሰው ቢኖር ኖሮ «ዐፍው በይ፣ ፊቱን ግን እንድታዪ አትገደጂም» ይላት ነበር። ምናልባት ይቀላት ነበር።

ሱረቱል በቀራህ ላይ (178ኛው አያ) ደግሞ የበለጠ የሚከብድ ነገር አለ። የሟች ባለመብት ለገዳዩ ሲምር፣ ቁርኣን በዚያ ቦታ ላይ የሟችን ወገን ከገዳዩ ጋር በወንድምነት ስም ይጠራቸዋል። እኔ እዚህ ቃል ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፄ ይቀንሳል። ልጄን የገደለ ሰው ወንድሜ ነው ለማለት አቅሙ ያለኝ አይመስለኝም፤ አላህ በዚህ አይፈትነኝ።

በማግስቱ ከዳምቦያ ልነሣ ስል ሽማግሌው ሊሸኙኝ እስከ አጥሩ ወጡ። ልጆቹ ሌሊቱን ፊልሙን ጨርሰውላቸው ኖሯል። ወጣቱ መጨረሻ ላይ በመንገድ እየሄደ ሲያለቅስ እንደሚያበቃ ነግረዋቸዋል።

«እውነት እዚያ ላይ ነው የሚያበቃው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው የነገሩኝ» አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው ትንሽ ዝም አሉ።

«ሁለት ሴት ልጆች ያለቁበት አባት አለ አላላችሁም? ታዲያ ልጁ ለቅሶ ሳይደርሰው ነው ያበቃው?»