ሰው መኰንን፥ ጅብ ተከሳሽ

በዓለም ባንክ ሰፈር ጎሕ ሳይቀድ በትሩን ይዞ ወደ ኪዳን ጸሎት የሚወጣ ሰው ወደ ወንዙ ጥሻ የሚመለስ ጅብ ቢያጋጥመው አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ ሲነጋም ከአጥሩ ሥር እንደ ኖራ የነጣ ኵስ ያገኛል፤ ንጣቱም በየፈፋው የጣልነው አጥንት በአውሬው ሆድ ተፈጭቶ መውጣቱን ይመሰክራል።

እኛ ንቀን የምናልፈውን ይህን ኵስ ተመራማሪዎች መርምረውታል። በትግራይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከዓቢይ ጾም በፊት፥ በጾሙ ወራትና ከጾሙ በኋላ የተሰበሰበውን አነጻጽሮ፥ በጾሙ ጊዜ የአህያ ጠጕር በዝቶ እንደ ተገኘበት አሳይቷል፤ ምእመናን 55 ቀን ከሥጋ ሲከለከሉ ዕርድ ይቀራል፥ ዕርድ ሲቀር ትራፊው ይጠፋል፥ ትራፊውን ያጣ ጅብም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። እንግዲያ ጾማችን ለአህያይቱ ሞት ሆነ ማለት ነውን? ይህን ባሰብሁት ቍጥር ልቤ ይጨነቃል። ነገር ግን ጥፋቱ የጾም አይደለም፤ በፍስክ ወራት አጥንት እየወረወርን ደጃችንን ካስለመድነው በኋላ፥ በሁዳዴ አህያችንን ሜዳ አሳድረን በማግስቱ ዱላና መርዝ ይዘን የምንነሣ የእኛ ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት በግእዙ ለሰው በእንስሳት ላይ የተሰጠውን ሥልጣን የሚናገረው «ኰነነ» በሚለው ግስ ነው፤ ግሱም «ገዛ» ማለት እንደ ሆነ ሁሉ «ፈረደ» ማለትም ስለ ሆነ፥ በፍጥረት ላይ የተሾመው መኰንን ዳኛም ነው፥ ዳኛም የተከሳሹን ብቻ ሳይሆን የከሳሹንም እጅ ይመረምራል። ከዚህ ሁሉ ምሥጢር ለዕለት ንግግራችን የተረፈን «ኵነኔ» ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አናብስትና ከ60 አናምርት ጋር እንደ ኖሩ ገድላቸው ይናገራል፤ ልጆቹን በአህያ ጀርባ ከሚያሳድግ ባለ ጭነት ግን የባሕታዊን ጸጋ መጠየቅ አይገባም። ለእርሱ የሚቀርበው የዳዊት 103ኛው መዝሙር ነው፤ በዚያ ሌሊቱ ለአራዊት፥ ቀኑ ለሰው ተግባር ተከፍሏልና። በሰፈራችን አሸዋ የሚያመላልስ አንድ ሰው ከዘወረደ ዋዜማ ጀምሮ ሁለቱን አህዮቹን ከመኝታው ግድግዳ አስጠግቶ በቆርቆሮ ይከልላቸዋል፥ መዝጊያውንም በድንጋይ ያስደግፋል። ሌሊት ከፈፋው ጅቡ ሲጮኽ አህዮቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ እርሱም ከውስጥ ሆኖ ኮቴያቸውን ያዳምጣል።