የሰልባጁ ክምርና የኛ እፍረት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ገበያ የወጣ ሰው ሰልባጅ ተራውን ሳያይ አይመለስም። ሸራ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ በላዩ ልብሱ ይቆለላል፤ ሻጩም ከክምሩ መሐል ቆሞ «ምረጥ! ምረጥ!» እያለ ይጣራል። ጎንበስ ብሎ የሚመርጠው ማነው? የቀን ሠራተኛው ነው፤ አስተማሪው ነው፤ የብዙ ልጆች እናት ናት። እኔም የኢድ ልብስ ለልጆቼ ከዚያው እመርጣለሁ። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ተለቅቆ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ከወጣ በኋላ፣ አዲስ ልብስ የሚሰቀልበትን ሱቅ ከውጭ ብቻ የሚያየው ሰው በዝቷል።

ታዲያ ሰልባጅ ስንመርጥ ዐይናችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ልብሱን ያያል፤ የሚያውቀን ሰው መጥቶ እንደሆነም ይቃኛል። የገዛነውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለን እንወጣለን። «ከየት ነው?» ብሎ ለሚጠይቀን «ከአዲስ አበባ ተልኮልኝ ነው» የምንል አለን። ለአንድ ሸሚዝ ሲባል ውሸት! ለመሆኑ በዚህ ንግድ ውስጥ ማፈር ያለበት ማነው? ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ የሕጉን ነገር እንይ። አንድ ወጣት ከዒሻ ሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህ የካፊሮች ልብስ ነው፤ ለብሼው ብሰግድ ሶላቴ ይያዝልኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ከጠያቂው በስተቀኝ የነበረ ሽማግሌም፣ «ከሬሳ ላይ የተገፈፈ ነው ይሉ የለ!» አሉ። ይህ ወሬ የኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በጋና ሕዝቡ ለሰልባጅ የሰጠው ስም «የሞተ ነጭ ሰው ልብስ» የሚል ትርጉም አለው። ሰው በሕይወት እያለ ይህን ያህል ደህና ልብስ ይጥላል ብሎ ማመን ከብዷቸው ነው ይባላል።

መልሱ ግን ከዘመናት በፊት የተሰጠ ነው። ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተቡክ ዘመቻ ጉዞ ላይ ከሻም የመጣ ጁባ ለብሰው ነበር። እጅጌው ጠባብ ስለነበር ለውዱእ ወደ ላይ መሰብሰብ ስላልተቻለ፣ እጃቸውን ከሥር በኩል አውጥተው ታጠቡ። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሻም በዚያን ጊዜ በሮማውያን እጅ ነበረች። ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው አልጠየቁም። ዑለማዎችም ከዚህ ተነሥተው ነጃሳ መኖሩ እስካልታወቀ ድረስ የልብስ መሠረቱ ንጹሕነት ነው ብለዋል። ሌላ ሰው ለብሶት የቆየውን ግን አጥቦ መልበስ ከጥርጣሬ ያወጣል፤ ለጤናም ይበጃል።

የሬሳውን ወሬ በተመለከተ ደግሞ የአቡበክር (ረ.ዐ.) ታሪክ ይበቃናል። በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ የለበሱት አሮጌ ልብስ ታጥቦ፣ ሁለት ተጨምሮበት ከፈናቸው እንዲሆን አዘዙ። ልጃቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ልብሱ ያረጀ መሆኑን ብታነሣ፣ አዲሱ የሚገባው ከሞተው ይልቅ በሕይወት ላለው መሆኑን ነገሯት። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመርም (ረ.ዐ.) አሚር ሆነው ሳለ በትከሻና በትከሻቸው መካከል ልብሳቸው ተደራርቦ የተጣፈ እንደነበረ አነስ (ረ.ዐ.) መስክረዋል። እኛ እንግዲህ ከእነርሱ በልጠን ነው በፌስታል የምንደብቀው?

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። በቲሸርቱ ላይ የተጻፈውን እናስነብብ። ከመጀመሪያው ሶፍ የቆመ ልጅ ጀርባው ላይ የቢራ ማስታወቂያ ተሸክሞ ከኋላው ያለው ሁሉ ሲያነብለት አይቻለሁ። ልጁ ምኑንም አያውቅም። ወንዶች ደግሞ ሐር እንዳይሆን እንይ። ከዚህ ውጭ ያለው ሐላል ነው፤ ወሏሁ አዕለም።

ለባሹ እንግዲህ የሚያፍርበት የለውም። ወደ ሻጩ እንምጣ።

ይህ ልብስ ከየት ይመጣል? በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለድሃ ይደርሳል ብለው ለበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጡታል። ድርጅቱ በራሱ ሱቅ የሚሸጠው የተወሰነውን ብቻ ነው። የተረፈው በኪሎ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ይመረጣል፤ በየደረጃው ተለይቶ በማሽን ተጨምቆ ይታሰራል። እኛ ቦንዳ የምንለው ይኸው ነው፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ኪሎ ይመዝናል። በሰደቃ ስም የተነሣ ልብስ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከብዙ ሰው ያተረፈ ሸቀጥ ሆኗል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የኛው እኅቶች ሰፍተው ወደ ውጭ የላኩት ሸሚዝ፣ ፈረንጅ ለብሶት፣ ተጨምቆ ተመልሶ ቡታጅራ ሸራ ላይ ወድቆ ሊሆንም ይችላል። የአላህ ሥራ!

በሀገራችን ሕግ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው። ጉምሩክ ያዝኳቸው በሚላቸው የኮንትሮባንድ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ «ልባሽ ጨርቅ» የሚለው ስም የሚመላለሰውም ለዚህ ነው። «ታዲያ መግዛቱስ?» የሚሉኝ አሉ። አንድ ቦንዳ እንኳ አይታ የማታውቅ፣ ለልጇ ሹራብ የምትፈልግ እናትና የጭነት መኪናው ባለቤት በአላህ ፊት እኩል ይጠየቃሉ ብዬ አላምንም። ለባለ መኪናው ግን አንድ ነገር እላለሁ፤ በየኬላው እጅ የሚያስይዘው ገንዘብ ጉቦ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል። «ሁሉም ይከፍላል» የሚለው መልስ በቂያማ ቀን የሚያወጣ አይመስለኝም።

ከተማ ውስጥ የገባው ቦንዳ ሳይፈታ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ላዩ ላይ «የወንድ ሸሚዝ» ወይም «የሕፃናት» ተብሎ ይነገርለታል፤ ውስጡን ያየ የለም። ከተፈታ አይመለስም። አንዲት እኅት የእቁብ ዕጣዋ ወጥቶላት በሙሉ ገንዘቧ አንድ ቦንዳ ገዛች። በልብስ ሻጭነት ልጆቿን ለማሳደግ አስባ ነበር። ስትፈታው ግማሹ የተቀደደና ዘይት የጠጣ ሆኖ አገኘችው። ነጋዴው «ዕድልሽ ነው፣ የኔ እኅት» አላት።

ዕድል? አቡ ሰዒድ አልኹድሪ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙላመሳ የሚባለውን ሽያጭ ከልክለዋል። ይኸውም ገዢው ጨርቁን ገልጦ ሳያይ በመንካት ብቻ ሽያጩ እንዲጸናበት የሚደረግበት ነው። የተከለከለበት ዕቃ ራሱ ልብስ ነው! ዑለማዎች በገለጻ የሚሸጥ ዕቃ እንዳለ ያውቃሉ፤ እንደተገለጸው ካልሆነ ግን ገዢው የመመለስ መብት እንዳለው አስቀምጠዋል። ትርፉ ለሻጭ፣ ኪሳራው ሁሉ ለገዢ የሆነበትን ውል ነው «ዕድል» እያልን የምንጠራው።

በችርቻሮውም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ብብቱ የተቀደደ ኮት እጅጌው ታጥፎ ይሰቀላል። እድፉ ያለበት ወገን ወደ ውስጥ ይዞራል። «ወላሂ እኔ ራሴ የገዛሁበት ነው!» የሚለው መሐላ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር የሰልባጅ ተራ ሰው ያውቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ እህል ከሚሸጥ ሰው ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ቢል፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። በመሐላ የሚሸጥ ዕቃም ገበያው ቢደራ በረካው እንደሚጠፋ አስተምረዋል። ስለዚህ ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርጎ «ይህ ነውር አለበት፣ በዚህ ዋጋ ውሰጂው» የሚል ሻጭ ያለ እንደሆነ፣ ከርሱ መግዛት ኢባዳን ማገዝ ነው እላለሁ። እንዲህ ያሉ አሉ፤ ጥቂት ናቸው እንጂ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ላንሣ። እርሱም ያለ ዋጋ የሚሰጠው ልብስ ነው።

የአረፋ ሰሞን የጉራጌና የስልጤ ሀገር እንዴት እንደሚሞላ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከመርካቶ፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ ሰው ወደ እናት አባቱ ይጎርፋል። አብሮም በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀጠቀ ልብስ ይመጣል። ከቡታጅራ ብዙም በማይርቅ አንድ መንደር ከረጢቱ ሲፈታ ተቀምጬ ነበር። ዚፑ የማይዘጋ ጃኬት፣ አንገቱ የተበላ ሸሚዝ፣ ጓደኛ የሌለው የሕፃን ጫማ ወጣ። የሰጪው አክስት አንድ በአንድ እያነሡ «አልሐምዱሊላህ፣ ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» አሉ፤ መርቀው ሲጨርሱም ሁሉንም ወደ ጓዳ አስገቡት። እርሳቸው ደስ እንዲለው ለፉ፤ እርሱ ደግሞ ቁም ሣጥኑን አጸዳ።

በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናን ከመልካሙ እንዲሰጡ ያዛል፤ ለራሳቸው ቢሰጣቸው ዐይናቸውን ካልጨፈኑ በቀር የማይቀበሉትን መጥፎ ነገር መርጠው ለሰደቃ እንዳያወጡም ይከለክላል። አሮጌ መስጠት ክልክል ነው አላልኩም። የታጠበ፣ ቁልፉ የተተከለ፣ ገና ሰው የሚለብሰው አሮጌ ልብስ መልካም ሰደቃ ነው። መለኪያውን አንቀጹ ራሱ ሰጥቶናል፤ ይህንኑ ልብስ ሰው ቢያመጣልህ ደስ ብሎህ ትለብሰዋለህን?

በመዲናም የልብስ ክምር ነበር። ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን፣ አብዛኞቹ ከሙደር ጎሳ የሆኑ ባዶ እግራቸውን፣ ራቁታቸውን ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። ችግራቸውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ቢላል አዛን አደረጉ፤ ተሰገደ፤ ነቢዩም ኹጥባ አድርገው ሰው ከዲናሩም፣ ከድርሃሙም፣ ከልብሱም፣ ከስንዴውና ከተምሩም እንዲሰጥ ጠየቁ። አንድ የአንሷር ሰው እጁ መሸከም እስኪያቅተው የከበደ ከረጢት ይዞ መጣ፤ ሰዉ ተከተለው። ጀሪር አንዱ የምግብ፣ ሌላው የልብስ የሆኑ ሁለት ክምሮች አዩ፤ የነቢዩም ፊት ሲያበራ አዩ። ያ ክምር ያለ ጩኸት፣ ያለ መሐላ የተከመረ ነበር።

እኛስ በከተሞቻችን ይህን ማድረግ ያቅተናል? እንግሊዞች ኦክስፋም በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኦክስፎርድ ከተማ ብሮድ በተባለው ጎዳና ሱቅ ከፈቱ። ሰው የሰጠው ዕቃ በርካሽ ይሸጥበታል፤ ገንዘቡም ለችግረኛ ይውላል። የዚህ አሠራር ጥቅሙ የሚገባው ሰልባጅ ተራ ቆሞ የሚያፍረውን ሰው ላወቀ ነው። ገዢውን «ድሃ ነህ ወይ?» የሚለው የለም፤ መታወቂያም ከቀበሌ ደብዳቤም አይጠየቅም። ጥቂት ብር ከፍሎ ደንበኛ ሆኖ ይወጣል። ቁርኣን በዚያው ሱራ በ273ኛው አንቀጽ ስለ እነዚያ ከመለመን ስለሚታቀቡ፣ የማያውቃቸው ሀብታም ስለሚላቸው ችግረኞች ይናገራል። እነርሱን በሰልፍ አቁሞ ማደል ፊታቸውን ማቃጠል ነው።

ገንዘብ የለንም አይባልም። ጉራጌ በ1950ዎቹ በመዋጮ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው፤ አንድ ክፍል ቤትና መስቀያ አያቅተውም። ልብስ ሰፊዎቻችን በየበረንዳው ሲንጀር መኪናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዚፕ መቀየርና ቁልፍ መትከል የግማሽ ሰዓት ሥራቸው ነው። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ አንድ የመስጊድ ጀመዓ ከአረፋ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢጀምር ይደርሳል። የሚመጣው ልብስ በር ላይ ይታይ፤ ሰጪው ራሱ የማይለብሰው ከሆነ በትሕትና ይመለስለት። ይህን የሚቀበለው ሰው ሐጂ እገሌ ቢሆኑም የሚመልስ፣ የማያፍር ሰው ይሁን። ቁልፉን ግን ለእናቶች ስጡት፤ የሰው ልጅ ቁመት በዓመት ስንት እንደሚጨምር እነርሱ ያውቃሉ፤ ማን በዚህ ኢድ ልጁን ከቤት እንዳያወጣ እንደተጨነቀም ከእኛ ቀድመው የሰሙት እነርሱ ናቸው።