የእትዬ ዱቤ

ያደግሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ቦርሳችንን ሳናወርድ ጆተኒው ላይ እንሰፍራለን። የተሸነፈ ይከፍላል። ሳንቲም ያለቀበት ደግሞ አጠገቡ ካለችው ሻይ ቤት ፓስቲ በዱቤ ይወስዳል። ባለቤቷ እትዬ የዱቤ መዝገብ አልነበራቸውም፤ የማን ልጅ እንደሆንክ ካወቁ በቃ።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ከለቀቅሁት ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ፍርስራሹ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። በኋላ እትዬን አፈላልጌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አገኘኋቸውና ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ጣሪያው ሲያፈስ የት ነበርክ ልጄ?» አሉኝ።

አፈርኩ። ለካ ትዝታ ጭቃውንና ለስንት አባወራ አንድ የነበረውን ሽንት ቤት ዘሎ ነው የሚያልፈው! ጥሎ ለወጣ ሰው ለግድግዳ ማልቀስ ይቀለዋል።

«ታዲያ ምንም አይናፍቅዎትም?»

«ሰዉ ነዋ! እዚህ ብታመም ማን ያንኳኳል?»

እውነታቸውን ነው። ቤት በቤት ይተካል። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚያበድር ጎረቤት ግን በዕጣ አይደርስም። ያንን ካልመለስንላቸው የኛ ትዝታ ምን ይፈይድላቸዋል?

ባለፈው እሁድ ፓስቲ ገዝቼ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በራቸውን አንኳኳሁ።