ሦስተኛው ጥንድ

አንድ ወጣት ለሰፈሩ እድር አምፕሊፋየር ሠራ። ቦርዱን ራሱ ሣለ፣ ራሱ በፌሪክ ክሎራይድ አጠበ፣ ራሱ በሳ፣ ራሱ በየደ። ድንኳን በተተከለ ቁጥር የዳኛው ድምፅ እስከ ታችኛው ሰፈር ይሰማ ነበር። እድርተኛውም መረቀው።

ከዕለታት አንድ ቀን አምፕሊፋየሩ ጢስ ተፍቶ ዝም አለ። ወጣቱ ከፈተው። በመጨረሻ ተርታ ያሉት ሁለቱ ትላልቅ ትራንዚስተሮች፣ 3055 እና 2955፣ ነደዋል። «ጥፋተኛው ተገኘ» አለ። አዲስ ጥንድ ገዝቶ በየደ፤ ሶኬቱን ሰካ፤ ጧ! «ሻጩ ፎርጅድ ሰጥቶኛል» ብሎ ከሌላ ሱቅ በውድ ገዛ። እንደገና ጧ! ሦስተኛ ጥንድ ገዛ፤ ለመበየድ ግን እጁ አልታዘዝ አለው።

ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ አዲስ ትራንዚስተር ይዣለሁ፤ እርስዎ ይበይዱልኝ።»

«እሱስ ይቆይ። የሞቱትን አየኋቸው ልጄ። ጎረቤታቸው ማነው?»

ጥያቄው አልገባውም። ሽማግሌው በካውያ የሞቱትን አወጡ፤ በቦታቸው ምንም አላስገቡም። ቴስተሩን ዳዮድ መለኪያው ላይ አደረጉና ሁለት ትናንሽ ዳዮዶች እግራቸው ላይ ለኩ። አንደኛው 0.6። ሁለተኛው 0.6።

«ደህና ናቸው» አለ ወጣቱ፣ ቸኩሎ።

ሽማግሌው ቦርዱን ገለበጡት። አሁን ከእግር ወደ እግር ሳይሆን ከመዳብ መስመር ወደ መዳብ መስመር ለኩ። አንደኛው 0.6። ሁለተኛው ምንም። ስንጥር አነሡና የሁለተኛውን እግር ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉት። እግሩ በብየዳው ውስጥ ተነቃነቀ። ብየዳው ያብረቀርቃል፤ በእግሩ ዙሪያ ግን ፀጉር የምታክል ክብ ስንጥቅ አለች። ወጣቱ አጎንብሶ ደጋግሞ አያት።

«ዳዮዱ አለ፤ ሊዱም አለ፤ መዳቡም አለ» አሉ ሽማግሌው። «መያያዛቸው ነው የሌለው።»

ሁለቱ ትራንዚስተሮች የሚሠሩት ሁለት ሰው እንደሚስበው መጋዝ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል። ሁለቱም አንድ ላይ ፈጽመው እንዳይከፈቱ ልክ የሚያበጁላቸው እነዚያ ትናንሽ ዳዮዶች ናቸው። የዳዮዱ መንገድ ሲቋረጥ በእሱ ያልፍ የነበረው ኮረንቲ ወደ ትራንዚስተሮቹ ይዞርና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይከፍታቸዋል። ያኔ ኃይሉ ስፒከሩን ትቶ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ በእነሱ ውስጥ ይነጉዳል። ፊውዙ እስኪቆርጥ እነሱ አይደርሱም።

ሽማግሌው ስንጥቋን በየዱ፤ አዲሱን ጥንድም አስገቡ። ሶኬቱን ግን አሁንም በቀጥታ አልሰኩትም። አንድ የ100 ዋት አምፖል፣ ኤልኢዲ ሳይሆን ክሩ የሚግል የድሮውን፣ ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በተከታታይ አገናኙ። አምፖሉ ብልጭ አለና ደበዘዘ።

«ደምቆ ቢቀር ኖሮ አሁንም የሚያቃጥል ነገር አለ ማለት ነበር» አሉት። «እንነቅለውና እንደገና እንፈልጋለን። ትራንዚስተሩ ግን አይሞትብህም።»

ይህን ያወራሁት ስለ እድር ገንዘብ ያዦች ልናገር ብዬ ነው።

ሒሳብ ጎደለ፤ ገንዘብ ያዡ ወረደ። ሌላ ተመረጠ፤ ጎደለ፤ ወረደ። ሦስተኛው የታመነ ሰው ነው ተብሎ ተለምኖ ገባ፤ እሱም ስሙ ጠፍቶ ወጣ። ሌባ ገንዘብ ያዥ የለም አልልም፤ ገበያ ላይ የተበላሸ ትራንዚስተርም አለ። ሦስት ሰው በተራ በአንድ ወንበር ላይ ሲነድ ግን ወንበሩ ከምን ጋር እንደተያያዘ ማየት ይገባል። ቤት ለቤት የሚሰበስበው ሰው ደህና ነው። ካርኒው ደህና ነው። ገንዘብ ያዡም ደህና ነው። ማታ ገንዘቡ ከሰብሳቢው ወደ ገንዘብ ያዡ እጅ ሲያልፍ ግን የሚቆጥር የለም፤ የሚፈርም የለም።

አራተኛውን ለመምረጥ የተሰበሰባችሁ እድርተኞች፣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የዓመቱን የካርኒ ጉርድ አስመጡና ከባንክ ደብተሩ ጋር አስተያዩት። ስማቸው የጠፋውን ሦስቱንም ጥሯቸውና እዚያው ይቀመጡ።